ውሃ የቋጠረ ማሳ፦ ከሳክራሜንቶ ሸለቆ እስከ ሱሉልታ ሜዳ

በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በሳክራሜንቶ ዙሪያ፣ የሩዝ ገበሬ ማሳው ላይ የቆመውን ውሃ ጥቂት ሳምንት ሳያፈስ እንዲያቆይ ገንዘብ ይከፈለዋል። ገንዘቡ የሚወጣው ለወፍ ሲባል ነው። እግርና መንቆራቸው ረዘም ያለ፣ ጭቃ እየወጉ ትልና እጭ የሚለቅሙ፣ ከሰሜን ዋልታ ወዲህ ያለውን አገር ለቀው አህጉር የሚያቋርጡ የውሃ ዳር ወፎች አሉ፤ ማሳው ለእነሱ ማረፊያ ነው። የእነዚያ ወፎች ዘመዶች የሚያርፉበት ያው ዓይነት ማሳ ነሐሴ ላይ ከፒያሳ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ አለ። ከፋይ የለውም፣ ተመልካችም የለውም። ከፋይ አለመኖሩ አያስከፋኝም፤ ገበሬያችን ለራሱ እህል ብሎ የሚያዘጋጀው ነውና። ተመልካች ማጣቱ ግን ያንገበግበኛል። ከተማው ወደዚያ ማሳ በየዓመቱ እየተጠጋ ነው፤ ምን እንደነበረበት ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ከሌለ ምን እንደጠፋ የሚናገር አይኖርም።

የካሊፎርኒያውን ሥራ ከነምክንያቱ ማወቅ ይጠቅማል። ሳክራሜንቶ ያለበት ታላቁ ሸለቆ ከጥንት ረግረጉ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠውን አጥቷል። ውሃው ተገድቦና በቦይ ተመርቶ መሬቱ እርሻ ሆኗል። የሩዝ ገበሬው ቀድሞ ከአጨዳ በኋላ ገለባውን ያቃጥል ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ማቃጠሉን ደረጃ በደረጃ ሲገድብበት፣ ገለባው እንዲበሰብስ በብርዱ ወራት ማሳው ላይ ውሃ መልቀቅ ተለመደ፤ ወፎቹም መጡ። ችግሩ ገበሬዎቹ ለቀጣዩ እርሻ ሲሉ በየካቲት ግድም ውሃውን ሁሉም ባንድ ጊዜ ማፍሰሳቸው ነው። ወደ ሰሜን የሚመለሱት ወፎች ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያም ገና መንገድ ላይ ናቸው። ስለዚህ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨረታ ያወጣል። ገበሬው «ማሳዬን ይህን ያህል ሳምንት በዚህ ዋጋ ውሃ አቆይበታለሁ» ብሎ ያቀርባል፤ ድርጅቱ ወፍ ሊበዛበት ከሚችለው ቦታ ዋጋው የሚስማማውን ይመርጣል። ወፍ የት እንደሚበዛ የታወቀው ተራ ሰዎች ያዩትን በኢበርድ መዝገብ ላይ ስላሰፈሩ ነው። ኢበርድ በ2002 እ.ኤ.አ. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል የተጀመረ፣ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት መዝገብ ነው። የገበሬውን ክፍያ ያመጣው እንግዲህ የብዙ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የውሃው ጥልቀት ነገሩን ሁሉ ይወስነዋል። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ማሳው የዳክዬ ነው። ድንቢጥ የምታህለዋ፣ እኛ ዘንድ የምትታየው ሊትል ስቲንት የተባለች ወፍ ከሁለት ወይም ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ገብታ አትለቅምም። ስለዚህ በሩዝ ማሳው መውጫ ላይ የተደራረቡ ሳንቃዎች ይቆማሉ፤ አንዱ ሲነሳ ውሃው አንድ ደረጃ ይወርዳል፣ አዲስ የጭቃ ጠርዝም ይገለጣል። ሳንቃው ሳይነሳ ከቆየ ወፉ ዞሮ ይሄዳል። ሁሉም ባንድ ቀን ከተነሱ ደግሞ ጭቃው ቅርፊት ይሠራና መንቆር አይገባውም።

አሁን በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ ሜዳ ያለውን ዋልካ አስቡት። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምቱ ሲገባ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የዘነበው ውሃ ላዩ ላይ ይቆማል እንጂ አይሰርግም። የጤፍ ገበሬ ይህን መሬት ሦስት አራቴ ካረሰ በኋላ በሐምሌ መጨረሻ ከብት እየነዳ ያስረግጠዋል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ትንሽ ናት፤ አፈሩ ከለሰለሰ ጠልቃ ትቀራለች። ስለዚህ መሬቱ ተረግጦ፣ ጠጥሮና ረጥቦ ዘሩ ከላይ ይበተናል። ለወፍ ሲታይ ይህ ምን ማለት ነው? ሜዳማ፣ ገላጣ፣ ስስ ውሃ የለበሰ፣ ትልና እጭ ወደ ላይ የወጣበት ጭቃ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳንቃና በጨረታ የሚደረስበትን ይህን ነገር እዚህ በሬና ዝናብ ይሠሩታል። ይህ የሚቆየው ግን ከዘር በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ነው። ጤፉ ስንዝር ሲሞላ ወፉ ዙሪያውን ማየት ስለማይችል፣ ጭላት ሳይታየው እንዳይደርስበት ማሳውን ይለቃል። ያን ጊዜ በማሳው መሀል ውሃ እንዲያወጣ የተቀደደውን ፈሰስ፣ የግጦሹን ጨፌና የኩሬውን ዳር ተመልከቱ። ለሽምብራና ለጓያ ተብሎ የቆየው መሬት ወደ መስከረም ሲታረስ ሌላ ዕድል ይከፈታል፤ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ይኼኛው ነው።

ጊዜው መግጠሙ ያስደንቀኛል። የካሊፎርኒያ በጋ ደረቅ ስለሆነ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ደቡብ የሚወርደው ወፍ ማሳ ላይ ውሃ የሚያገኘው ሰው ሆን ብሎ ከለቀቀለት ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ክረምቱና የወፎቹ መውረጃ ባንድ ላይ ይውላሉ። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ መጀመሪያ የሚደርሱት ያደጉት ናቸው፤ የዘንድሮዎቹ ጫጩቶች በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይከተላሉ። በፊንላንድና በሳይቤሪያ የሚፈለፈለው ውድ ሳንድፓይፐር (Wood Sandpiper) የተባለው ወፍ ከተወለደበት አገር የሚቆየው ሁለት ሦስት ወር ነው፤ የቀረው ዓመቱ በመንገድና በአፍሪካ ያልፋል። አውሮፓ ውስጥ ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚኖርበት አህጉር ግን ስለ እሱ የጻፈው ጥቂት ነው።

መነሻው መሀል ከተማው ይሁን። አራት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የደረቁ የአገራችን ወፎች አሉት። ከመውጣታችሁ በፊት እዚያ ቁመትን፣ የመንቆር ርዝመትንና መጣመምን አስተያዩ። የእግር ቀለም ግን ከዚያ አትማሩ፤ ሲደርቅ ይጠፋል፣ በእነዚህ ወፎች ላይ ደግሞ የእግር ቀለም ዋና መለያ ነው። ከዚያ ቅርቡ ሱሉልታ ነው፤ ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ እንጦጦን ተሻግሮ የሣር ሜዳው ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ከ2,500 ሜትር በላይ የሆነ፣ ከጤፍ ይልቅ የድርቆሽ ሣርና የወተት ላም አገር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። በአስኮና በቡራዩ በኩል ገፈርሳ አለ። የከተማው የመጠጥ ውሃ ግድብ ስለሆነ ጥበቃ አለበት፤ ግድቡ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አታውጡ። የጤፉን ማሳ የሚፈልግ በቃሊቲ አድርጎ ወደ አቃቂ ይወርዳል። ቢሾፍቱ የሚደርስ ጨለለቃን ይይ፤ ክረምት ሞልቶ በበጋ የሚሸሽ ውሃ ስለሆነ ጥሩነቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ሲሸሽ ነው። የቀበናና የግንፍሌ ውሃ በመጨረሻ በአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። መሀል ከተማ የሚጣለው ቆሻሻ እዚያ ይደርሳል፣ እንቦጩን ይቀልበዋል፤ እንቦጩ የጭቃውን ጠርዝ ሲሸፍን እነዚህ ወፎች እግር ማሳረፊያ ያጣሉ። አቃቂ ዳር ስትሄዱ የጎማ ቦት አድርጉ፣ ውሃውን በእጅ አትንኩ።

ከሰው ጋር ያለው ጉዳይ እዚያና እዚህ ፈጽሞ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ማሳው የግል ነው፣ «መግባት ክልክል» የሚል ሰሌዳ አለው። ወፍ ተመልካቹ መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ሳይወጣ በመስኮቱ ያያል፤ ወፉም ከመኪና ይልቅ የቆመ ሰው ያስበረግገዋል። እኛ ዘንድ ወፉ ሰውና ከብት የለመደ ነው፤ ከብቱ ባለበት ወገን ቀስ እያሉ ቢቀርቡ ይታገሣል። የሚቸገረው ባለ መሬቱ ነው፣ ምክንያቱም አለው። በከተማው ጠርዝ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ መሣሪያ ደቅኖ፣ ማሳ እያየ ደብተር ላይ የሚጽፍ እንግዳ ሰው ቀያሽ ነው፤ ካልሆነም የመሬት ደላላ ነው። ቀያሽ ከመጣ በኋላ ምን እንደሚከተል ገበሬው በጎረቤቱ አይቷል። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ከማውጣታችሁ በፊት ሰው ፈልጉ። «ኦቦ፣ አካም ቡልታን» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ ለምን እንደመጡ መናገር፣ ከዚያም መነጽሩን ወፉ ላይ አነጣጥሮ መጀመሪያ ለእሳቸው ማሳየት ይገባል። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። ውሃው መቼ እንደሚመጣ፣ ወፉ አምና የት እንደነበር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የተዘራ ጤፍ ላይ ፈጽሞ አትርገጡ፤ በድንበሩ ሂዱ። መኪና አስፋልት ላይ ይቅር፣ ዋልካ ጎማ ያስራል። በማሳው ውስጥ የሚለቅሙትን ወፎች ለማስነሳት ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ካለ መነጽሩን ስጡት፣ ይተዋል።

ባይኖክላር ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ይበቃል። አሥር እጥፉ እጅ ሲንቀጠቀጥ ያደክማል። ቴሌስኮፕ ያለው ከ20 እስከ 60 የሚያቀርበውን ይዞ 30 ላይ ይጀምር፤ ወደ 60 ሲወጣ ብርሃኑም ይቀንሳል። ከውጭ ይዞ የሚመጣ ሰው በጉምሩክ የሚጠየቀውን አስቀድሞ ያጣራ፣ ደረሰኙንም አይጣል። ቤተ መንግሥት፣ የጦር ካምፕና አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አንገት ላይም አይንጠልጠል። ሰዓቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል እስከ አራት ነው፦ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ከወጣች ከምድሩ የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋል፣ ከሰዓት ደግሞ ዝናብ ነው። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፤ በሱሉልታ መንገድ ጠዋት ከአስፋልቱ በስተ ምዕራብ ያለው ሜዳ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው።

አብዛኞቹ በአገሩ ሰው ዘንድ ተለይተው የሚጠሩበት ስም ስለሌላቸው በውጭ ስማቸው እጽፋለሁ። በብዛት የምታዩት ራፍ ነው፦ ጭንቅላቱ ትንሽ፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ የጀርባው ላባ ጠርዝ ጠርዙ የነጣ። ወንዱ ከሴቷ በጣም ስለሚበልጥ አዲስ ሰው ሁለት ዓይነት ወፍ ይመስለዋል፤ የእግሩም ቀለም ከብርቱካናማ እስከ አረንጓዴ ይለዋወጣል። ውድ ሳንድፓይፐር ጀርባው ነጠብጣብ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር፣ እግሩ ቢጫ ቢጫ የሚል ነው። ከእሱ ጋር የሚምታታው ግሪን ሳንድፓይፐር ጠቆር ይላል፣ ብቻውን ፈሰስ ውስጥ ይገኛል፤ ሲበር የክንፉ ሥር ጥቁር፣ ወገቡ ደማቅ ነጭ ነው። ስለዚህ ሲነሳ ክንፉን ከሥር እዩ፣ ሌላውን ሁሉ ተዉት። ጅራቱን ያለ ዕረፍት የሚያወዛውዘው፣ ከትከሻው ፊት ነጭ ሽብልቅ ያለው ኮመን ሳንድፓይፐር ነው፤ ድንጋያማ የወንዝ ዳር ይወዳል። ከሁለቱ ስቲንቶች ሊትል ስቲንት እግሯ ጥቁር ነው፣ ትሮጣለች። ቴሚንክ ስቲንት እግሯ ገርጣ ያለ ነው፣ አጎንብሳ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ጭቃ የለጠፈበት እግር ሁሉ ጥቁር ስለሚመስል ወፏ ውሃ ውስጥ ገብታ እስክትወጣ ጠብቁ። ሱሉልታና ገፈርሳ ላይ ደግሞ ስደተኛ ያልሆነ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ አንድ አለ፦ ደረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የወረደበት ስፖት ብረስትድ ላፕዊንግ። ከሩቅ የመጣውን ስትፈልጉ የአገሩን ልጅ አትለፉት።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። የዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በጥር አካባቢ ይካሄዳል፤ ትኩረቱም ሐይቅና ረግረግ ላይ ነው። በነሐሴ ጤፍ ማሳ ላይ ለሦስት ሳምንት የቆመ ወፍ በጥር ቆጠራ አይገኝም። ያን ክፍተት የሚሞላው ከከተማ ወጥቶ የሚያይ ሰው ነው። መንጋ ስትቆጥሩ አሥሩን አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ያ አሥር ምን ያህል ቦታ እንደያዘ እዩ፣ በዚያ መጠን መንጋውን ለኩ፤ ሲበሩ ሳይሆን ሲለቅሙ። ማሳው የታረሰ፣ የተዘራ ወይም ግጦሽ መሆኑን፣ ውሃው ጣት ወይም ቁርጭምጭሚት መድረሱን ጻፉ፤ ከወፉ ቁጥር ጋር የማሳው ሁኔታ ካልተጻፈ ለነገ ክርክር አይረዳም። የእኛ መዝገቦች የሚበላሹበት አንድ ትልቅ ምክንያት የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። ኢበርድ የሚቀበለው የፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው። በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የታየው 7 ሰዓት ተብሎ ካልገባ መዝገቡ ወፉን በሌሊት የታየ ያደርገዋል። ደብተር ላይ ሁለቱንም ቀን አብራችሁ ጻፉ፤ ስልክ ላይ ያለው መዝገብ ያለ ኔትወርክ ስለሚሠራ እዚያው ማሳው ዳር ሙሉት። ያላወቃችሁትን ወፍ በግምት አትሰይሙ፤ መዝገቡ «ሳንድፓይፐር፣ ዓይነቱ ያልተለየ» የሚል ምርጫ አለው። ደግሞም አንድም ወፍ ያላያችሁበትን ጠዋት ከነቦታውና ከነሰዓቱ አስገቡት። አምና ሰማንያ ራፍ በቆመበት ማሳ ዘንድሮ ባዶ መሆኑን ማሳየት የሚቻለው ባዶውም ሲጻፍ ነው።