ሙት ታየኝ የሚለውን ሰው ምን ብለን እንጠይቀው?

ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር ቁልቁለትና እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ «ሟቹ ሌሊት እየመጣ አላስተኛኝ አለ» የሚል ሰው ማግኘት አያስቸግርም። አቤቱታው ፖሊስ ወይም የጤና ባለሙያ ዘንድ ሲደርስ ተጠራጣሪው መርማሪ «ቅዠት ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። ሙት ተነሥቶ እንደማይመጣ እኔም አልጠራጠርም፤ ጥያቄው ግን በዚህ አያበቃም።

ዱካክ የምንለው፣ አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና ከእንቅልፍ ሳይላቀቅ የሚመጣው መታፈን፣ ደረት ላይ ሰው የተቀመጠ ያህል ይሰማል። ዴዊ ሪስ የተባለ ሐኪምም በዌልስ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን 293 ሰዎች ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ ሟቹ አብሯቸው እንዳለ ተሰምቷቸው ወይም ሟቹን አይተው፣ ሰምተው እንደነበር፣ አብዛኞቹ ግን ይህን ለማንም እንዳልተናገሩ አስፍሯል። ስለዚህ ባለጉዳዩ ዋሾም እብድም አይደለም። ይሁን እንጂ ዱካኩ ከሙታን ሁሉ መርጦ ለምን የአንዱን፣ ለምሳሌ የወንድሙን፣ ፊት ይዞ እንደሚመጣ የእንቅልፍ ሳይንስ አይመልስም። ያንን የሚመልሰው የቤቱ ታሪክ ነው።

ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በጣዖት አምልኮ ተከሰሱ ብሎ የገዛ ልጆቹን አስቀጥቷል፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። ሚስቱ ጽዮን ሞገሳም ከተገረፈች በኋላ ሞተች፤ ልጇ በእደ ማርያም ለመታሰቢያዋ ለቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ መስጠቱ ሲሰማ ንጉሡ ተቆጥቶ መረመረው። በዚያው ከተማ ካህናት ሌትና ቀን በግቢው ዙሪያ እየጸለዩ ጠበል ይረጩ እንደነበር ዜና መዋዕሉ ሲተርክ ምክንያቱ የመሠርያን (የጠንቋዮች) ምቀኝነት ነው ይላል። እኔ ግን ተዝካር እንኳ የተነፈጋቸው ሙታን ያሉበት ግቢ ሌሊቱን ቢፈራ አይገርመኝም።

ዛሬም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ከዘለቀ ወዲህ ሬሳው ያልመጣለት፣ በጥድፊያ የተቀበረ፣ ለቅሶው በወጉ ያልተለቀሰለት ሰው ያለበት ቤት ብዙ ነው። መርማሪው «ምን አየህ?» ከማለት ይልቅ ሟቹ ማን እንደሆነ፣ ፍትሐት ተደርጎለት እንደሆነ፣ አርባው ወጥቶ እንደሆነ፣ ሲሞት ከማን ጋር ተኳርፎ እንደነበር፣ መሬቱን ማን እንደያዘው ቢጠይቅ ብዙ ያገኛል። ጥፋተኛ ያልሆነ ሰው እንኳ «ያን ቀን ሂድ ባልለው ኖሮ» እያለ ራሱን ይከስሳል፤ ሐዘን ከጥፋት ጋር የሚምታታው እዚህ ላይ ነው።

ተጠራጣሪው ቦታውን ከለቀቀ ጠንቋይ ይተካዋል። እርሱ ደግሞ የቤቱን ጸጸት አንሥቶ «መተት አደረገች» በሚል ጎረቤት ላይ ይጭነዋል። ሸዋ ይህን ከሌባ ሻይ (ሌባ ፈላጊ) ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ተንገዳግዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር።

እርግጥ ጥያቄው እውነተኛ ወንጀል ሊያወጣ ይችላል። መርማሪ የነፍስ አባት አይደለምና የሰማውን ምሥጢር ብሎ መያዝ አይችልም፤ ይህንንም መጠየቅ ከመጀመሩ በፊት ለባለጉዳዩ በግልጽ ሊነግረው ይገባል። ደም ያለበት ነገር ሲገኝ ሽማግሌዎች ለእርቅ፣ ቄሱ ለንስሐ ቢቀመጡ መልካም ነው፤ መዝገቡ ግን ወደ ዐቃቤ ሕግ መሄዱ አይቀርም።