ባሕሩ እንዴት ነው?

ዓርብ ማታ ስልኬ ሲጮኽ ማን እንደሆነ ሳላይ የሚለኝን አውቀዋለሁ። «ባሕሩ እንዴት ነው?»

እኔን እንዴት ነህ የሚለኝ የለም። ጨጓራህ ተሻለህ ወይ፣ ደሞዝ ገባልህ ወይ፣ ልጅህ ትምህርት ጀመረች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ ካየሁ ቆየሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቤት ከተከራየሁ ወዲህ በእኔ በኩል የሚጠየቀው ውሃው ነው። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» እላለሁ፤ ቤቱ የተኛ አባት እንዳለበት ሰው።

ቀጥሎ የሚመጣውም ያው ነው። «ልጆቹ ባሕር ካላየን ብለው አስቸገሩን እኮ!» ከልጆቹ አንዱ የ28 ዓመት ኢንጂነር ነው። ሌላዋ ሽማግሌ ይላካል ተብላ የምትጠበቅ ናት።

መጀመሪያ ሰሞን አርማቸው ነበር። ባሕር አይደለም፣ ሐይቅ ነው፤ ባሕር ከዚህ በመኪና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ እሱም ቢሆን የሰው አገር ነው፣ እያልኩ። በኋላ ግን ጥፋቱ የዘመዶቼ ሳይሆን የአማርኛችን መሆኑ ገባኝ። ሒሳብ ሹሙ የሚጽፈው ባሕር መዝገብ ላይ ነው። ጾሙ መቼ እንደሚገባ የሚቆጠረው በባሕረ ሐሳብ ነው። ምጣዱ የሚሞቀው በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ሰው የሚሰደደው ባሕር ማዶ ነው። ባሕር ዳር ብለን የሰየምነው ከተማ እንኳ ሐይቅ ዳር ነው የተቀመጠው። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የጎደለን ባሕሩ ራሱ ብቻ ነው፤ ቃሉ እንደሆነ ሞልቶ ተርፎናል።

ጂኦግራፊ የሚያስተምር ጎረቤት አለኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ዝግ ሐይቅ ነው ይላል። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለም። የገባው ውሃ ፀሐይ ካልመጠጠችው እዚያው ነው። ይህን ያስረዳኝ ቀን ወዲያው ትዝ ያለኝ ቤቴ ነው። እንግዳ ይገባል፤ ወጥቶ የሚሄድ የለም። «እሑድ ጠዋት በጊዜ እንነሳለን» የተባለው መንገድ ምሳ ይበላበታል፣ ቡና ይፈላበታል፣ ሦስተኛው ሳይጠጣ ደስ አይልም ይባላል፣ ከዚያ መሽቷልና በማታ እስከ አዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር አይነዳም። ሰኞ ጠዋት እኔ ሥራ ስሄድ እነሱ ጋቢዬን ተከናንበው ቁርስ ላይ ናቸው።

እኔ ራሴ ሐይቁን የማየው እንግዳ ሲመጣ ነው። ከቤቴ እስከ ውሃው በእግር አራት ደቂቃ ነው፤ መስኮቴ ግን የሚያየው የአንድ ፔንሲዮን ግድግዳና የተሰጣ አንሶላ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ይሰማኛል፤ አንሶላውም አብሮ ይንፏፏል። ያን ጊዜ ትንሽ የባሕር ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ዋኝቼበት አላውቅም። ለምን ሲሉኝ «ቢልሃርዝያ አለበት» እላለሁ፤ አለበትም። እውነቱ ግን መዋኘት አለመቻሌ ነው። የሰፈራችን ሰው አብዛኛው እንደኔ ነው፤ እየኖርን ያለነው ውሃው ላይ ሳይሆን ውሃውን ሊያይ የሚመጣው ሰው ላይ ነው። ባጃጁ፣ ጀበና ቡናው፣ ፈንዲሻው፣ ፎቶ አንሺው፣ ሁሉም ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ መንገዱን ነው የሚጠብቀው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ላይ ቆሞ ወደ ውሃው የሚያይ ሰው ካጋጠማችሁ ወይ የአዲስ አበባ ሰው ነው ወይ ሙሽራ ነው። ሙሽራውም ቢሆን ወዶ አይደለም፤ ቪዲዮ ቀራጩ «ወደ ሐይቁ እያየህ አስብ» ብሎት ነው። ምን እንደሚያስብ ከፊቱ ይነበባል፤ የድንኳኑን ቀሪ ክፍያ ነው።

በሰፈሩ እውነተኛ ባሕር አይተው የመጡ አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን የሚያውቀው የዕድሩ ጸሐፊ ብቻ ነው፤ ሌላው «ጋሽ አሰብ» ነው የሚላቸው። ወጣትነታቸውን አሰብ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርድ ኩንታል ሲቆጥሩ አሳልፈዋል። ከዚያ ከተመለሱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ አሰብ ግን ከሳቸው አልተመለሰችም። ሐዋሳ ሲሞቅ «ይሄ ሙቀት ነው? እኛ አንሶላ ውሃ እየነከርን ነበር የምንተኛ» ይላሉ። ሐይቁ ጥልቅ የሚባልበት ቦታ 22 ሜትር ገደማ ነው ሲባሉ በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ቀይ ባሕር ሁለት ሺህ ሜትር ያልፋል፣ ልጄ።» አንድ ቀን ያ ጂኦግራፊ መምህር ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ብሎ ሲነግራቸው ግን በጣም ደስ አላቸው። «አየህ! ከባሕር በላይ ይሄን ያህል ተሰቅሎ፣ ባሕር ነኝ ይላል!»

ባለፈው ዓመት የዕድሩ ድንኳን ተቀዶ አዲስ ሸራ ይገዛ ሲባል፣ ተነሥተው የመርከብ ሸራ እንዴት እንደሚጠገን ሃያ ደቂቃ አስረዱን። አስከሬኑ እየጠበቀ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን የመጣችው አክስቴ ናት፤ ከኢንጂነሩ ልጇ ጋር። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ይዣቸው ወረድኩ። አስጋሪዎቹ ማታ የጣሉትን መረብ ንጋት ላይ ስበው የሚገቡበት ሰዓት ነው። ታንኳው ገና ዳር ሳይነካ ዋጋው ተጀምሯል። መረቡ ላይ የተሰካካው ቆሮሶ በጣት እየተፈለቀቀ ይወጣል፣ አምባዛው ጢሙን ዘርግቶ ይንፈራገጣል፣ እግር ሥር ያለው መሬት ከቅርፊት የተነሣ ያብረቀርቃል።

አንድ ጎረምሳ ግንድ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ያወጣል። ማውጣት የሚባለው አጥንቱን ከሥጋው መለየት ነው። ጅራቱን በግራ እጁ ጨምድዶ ይይዛል፤ ቢላው ከስንጥቡ ኋላ ይገባና አጥንቱን እየተከተለ «ርርርር» እያለ እስከ ጅራት ይወርዳል፤ ይገለብጠዋል፤ በዚያኛውም ጎን እንዲሁ። ከዚያ የሥጋውን ጫፍ ነክሶ የያዘ ይመስል ቢላውን አስተኝቶ ቆዳውን እንደ ጓንት ያወልቀዋል። «ስንት ነው?» ብዬ ሳልጨርስ ሦስት ዓሣ አለቀ። የሚገርመው ዓይኑ አንዴም ዓሣው ላይ አላረፈም። የሚያየው የአክስቴን ቦርሳ ነበር። «እማዬ፣ ጦጣ!» ሲል፣ ጦጣዋ ከደብረ ዘይት የተገዛውን ዳቦ ይዛ ዛፉ ላይ ወጥታለች። ከላይ ሆና ልጣጩን ለይታ መሀሉን በላች። አክስቴ የተቆጣችው በስርቆቱ ሳይሆን በልጣጩ ነው።

ጥሬውን ዓሣ ሸርከት ሸርከት አድርገው በዳጣ አቀረቡልን። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አነጣጥሮ ራሱን እየቀረጸ አንድ ጉርሻ አነሳና «ሱሺ!» አለ።

ሻጯ ደነገጠች። «ኧረ አይደለም፣ ወንድሜ! ቆሮሶ ነው፤ አሁን ነው የወጣው።»

አክስቴ ጥሬውን እምቢ ብላ ጥብሱን አዘዘች። በነገራችን ላይ አክስቴ አዲስ አበባ ውስጥ በጾም ዓሣ አትበላም። ሐዋሳ ከመጣች ግን መንገደኛ ናት፤ መንገደኛ ደግሞ አይጠየቅም። እንደሷ ያለው መንገደኛ ብዙ መሆኑን ለማወቅ በሁዳዴ የዓሣ ዋጋ መጠየቅ ነው።

አሞራ ገደል ድረስ ሄዶ አባ ኮዳን ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። የቦታው ባለሥልጣን እሱ ነው። ቁመቱ የልጅ ያህል ነው፤ ራሱ መላጣ፣ ኮዳው ከአንገቱ ተንጠልጥሎ፣ ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ መስሎ በሰው መሀል ይንጎራደዳል። ጡረታው የዘገየበት ኃላፊ እኮ ነው የሚመስለው። መረብ አይጥልም፣ አይሸከምም፣ አያጥብም። ጎረምሳው አንጀትና ጭንቅላት ሲወረውር ግን ድርሻው ሳይጎድል ይደርሰዋል። ደላላ እንኳ ቢያንስ ይጮኻል፣ ይምላል፣ ስልክ ይደውላል። አባ ኮዳ ለመጮኽ የሚሆን የድምፅ ዕቃ እንኳ አልተፈጠረለትም፤ መንቆሩን ማንቋቋት ነው የሚችለው። ዝም ብሎ ቆሞ ድርሻ የሚበላ ፍጡር ስናይ ለምን ወዲያው የምናውቀው ሰው እንደሚመጣብን አላውቅም። ለነገሩ እሱ ባይኖር ያ ሁሉ አንጀት ምን ይደረግ ነበር? ያለ በጀት የሚሠራ ጽዳት ነው፤ ልወቅሰው አፌን ከፍቼ ሁሌ የምመልሰው ለዚህ ነው።

አክስቴ ግን ወደደችው። «እንዴት ያለ ጨዋ ወፍ ነው! እግሩ ደግሞ፣ እዩት፣ ነጭ ካልሲ ያደረገ ነው የሚመስለው።»

ጋሽ አሰብ ከጎናችን ካለው በርጩማ ሻይ ይጠጡ ነበር። መቼ እንደመጡ አላየሁም። «ካልሲ አይደለም፣ እመቤቴ» አሉ ቆባቸውን ነካ አድርገው። «ሲሞቀው እግሩ ላይ ይጸዳዳል። ይቀዘቅዝለታል።»

እውነታቸውን ነው፤ ነጩ ያ ነው። አክስቴ ሻይዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በደንብ ተግባቡ። ሙቀት የሚያውቅ ሰው ነው አለችኝ፤ እንደ ምስጋና።

ጀልባ የተከራየነው በዚሁ መግባባት ላይ ነው። ጋሽ አሰብ መጀመሪያ ሳቁ። እሳቸው ስንት መርከብ ያወረዱ ሰው በዚህ ቆርቆሮ? አክስቴ ግን «እርስዎ ካሉ አልፈራም» አለቻቸው፤ አለቀ። ጀልባ ነጂው የብርቱካን ቀለሙን ተንሳፋፊ ጃኬት ሲያቀብላቸው በሌባ ጣታቸው ወደ ልጁ መለሱት።

«ለኔ?»

«ካላሰሩ አልነሣም፣ ጋሼ።»

አሰሩ። ግን አንዱን ማሰሪያ ብቻ፤ ሌላው በተቃውሞ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጉማሬ ፍለጋ ወደ ጥቁር ውሃ አቅጣጫ ሄድን። ሐዋሳ ውስጥ ጉማሬ የማየት ሥርዓት አለው። ነጂው በድንገት ሞተሩን ያጠፋል። ጣቱን ወደ ደንገሉ ይቀስራል። «ያውና፣ ጆሮው!» ይላል። ከዚያ የሚሆነው ነገር የሰው ልጅን ባሕርይ ያሳያል። አንዱ «አዎ፣ አየሁት» ይላል፤ ካልተባለ የተከፈለው ገንዘብ ሊባክን ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው ላለማነስ «ሁለት ናቸው!» ይላል። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ምናልባት አርባ ጊዜ ይህን ጆሮ አይቻለሁ ብያለሁ። አራት ጊዜ ያህል እውነቴን ነበር።

የዚያን ዕለት አክስቴ «ግልገል ይዛለች!» አለች። ልጇ አከታትሎ ፎቶ አነሳ። ፎቶው ላይ የሚታየው ውሃ፣ ደንገል፣ የጀልባው ጠርዝና የነጂው ጣት ነው። ቢሆንም እዚያው ውሃው መሀል ላይ ቀይ ክብ ሠርቶ ለቤተሰቡ ቴሌግራም ላከው። ሞተሩ ሳይነሣ መልሱ መጣ፤ አሥራ ሰባት ሰው ጉማሬዋን አየ። አንድ ዘመዴማ ከሲያትል «ስታምር!» ብሎ ጻፈ።

ዝም ያሉት ጋሽ አሰብ ብቻ ነበሩ። የታቦር ተራራ አንሷል፤ ነፋሱ ገና አልተነሣም፤ ውሃው እንደ ዘይት ተኝቷል። ስለ ማዕበል፣ ስለ ክሬን፣ ስለ ሁለት ሺህ ሜትር ይነግሩናል ብዬ ስጠብቅ ቆባቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ቀኝ እጃቸውን በጀልባው ጠርዝ አሳልፈው ውሃው ውስጥ ሰደዱ። ጣታቸው ትንሽ ቀጭን ሞገድ እያበጀ ከኋላችን ሄደ። ከዚያ እጃቸውን አወጡና፣ የሚያያቸው ሰው መኖሩን የረሱ መሰለኝ፣ የሌባ ጣታቸውን ጫፍ ላስ አደረጉት።

«ጨው የለውም» አሉ።

ለማንም የተናገሩት አልነበረም። ጀልባ ነጂው ግን ዞር አለ። ዓሣ ከሚጠብሰው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነው የሚሠራው፤ ይህን የመሰለ ቅሬታ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ጠዋት ቸኩሎ ይሆናል ጋሼ፣ ይቅርታ» አላቸው። «ስንመለስ እነግረዋለሁ፣ ጨምሮ ያመጣልዎታል። ዳጣም አለ።»

ጋሽ አሰብ ልጁን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ቆባቸውን መልሰው ደፉ።

«ዳጣውም ይምጣ» አሉ።