ምስጋና ለእንግዳ አክባሪዎቹ

እኛ ኢትዮጵያውያን በእንግዳ ተቀባይነታችን ስንኩራራ ኖረናል፤ አልጋችንን ለቀን መደብ ላይ እንተኛለን፣ የጠገበውንም «በሞቴ» እያልን እናጎርሳለን። ይሁን እንጂ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የሚፈለጉ መሪዎችን የሚያስተናግዱ አባል አገሮችን ባየሁ ቁጥር የእኛ መስተንግዶ ገና የጀማሪ መሆኑ ይገባኛል።

ሄግ የተቀመጠው ፍርድ ቤት የራሱ ፖሊስ ስለሌለው ተፈላጊውን ይዘው የሚያስረክቡት ከ120 በላይ የሚሆኑት አባል አገሮች ናቸው፤ እነርሱም በአባልነት ውሉ ላይ ያኖሩትን ፊርማ ለጨዋነት ሲሉ ለጊዜው ይረሱታል። በዳርፉር ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2009 የእስር ማዘዣ የወጣባቸው የያኔው የሱዳን ፕሬዚዳንት ኦማር አልበሽር ቻድን፣ ኬንያንና ዮርዳኖስን ጎብኝተው በሰላም ተመልሰዋል። የሁሉም ቁንጮ ግን ደቡብ አፍሪካ ናት። ሰኔ 2015 የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት እንግዳው ከአገር እንዳይወጡ አገደ፤ በማግስቱ የመንግሥት ጠበቃ ችሎት ፊት ቆመው ሲከራከሩ የአልበሽር አውሮፕላን ከዋተርክሉፍ የጦር አየር ማረፊያ ተነሣ፤ ዳኞቹ «ይያዙ» ብለው ከወሰኑ በኋላም ጠበቃው እንግዳው መሄዳቸውን አረዱ። የእንግዳን ምሥጢር እንዲህ አድርጎ መጠበቅ ለማን ተሰጥቶታል?

ባለጌም አልጠፋም። የማላዊዋ ፕሬዚዳንት ጆይስ ባንዳ በ2012 «አልበሽርን አልቀበልም» በማለታቸው እዚያ ሊካሄድ የነበረው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። እኛ የፍርድ ቤቱ አባል ስላልሆንን ማንንም ብንቀበል ውል አናፈርስም፤ የመስተንግዶው ጣዕም ደግሞ ያለው ውል ማፍረሱ ላይ ነው።

ሞንጎሊያ ይህን ጣዕም ታውቀዋለች። ዜጋዋን ለዚያው ፍርድ ቤት ዳኝነት በላከችበት በ2024 ቭላድሚር ፑቲንን በክብር ዘብ ተቀበለች፤ ነዳጅ ከሚሸጥልን ጎረቤት ጋር ስለ ማዘዣ ማውራት ነውር ነውና። ሀንጋሪ በሚያዝያ 2025 ቤንያሚን ኔታንያሁ በመጡበት ዕለት ከፍርድ ቤቱ እንደምትወጣ አስታወቀች፤ እንግዳ እንዳይሳቀቅ ቤት የሚለቅ አስተናጋጅ እንግዲህ ከእኛ አልጋ ለቃቂዎች በምን ያንሳል?

በሽኝት ግን ጣልያንን የሚስተካከል የለም። በሊቢያ እስር ቤቶች በተፈጸመ ግድያና ማሰቃየት የሚፈለጉትን የሊቢያ የፖሊስ ሹም ኦሳማ አልማስሪን በጥር 2025 ቱሪን ላይ ያዘች፤ ከሁለት ቀን በኋላ «የአሠራር ግድፈት አለ» ተብሎ ተለቀቁ፤ በመንግሥት አውሮፕላንም ትሪፖሊ ድረስ አደረሰቻቸው። እኔ እንግዳዬን የምሸኘው እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ብቻ ነው።