አማና ካለ ደብተር ምን ያደርጋል?

ጅማ ውስጥ ሁለት ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ሲነግድ «ውል እንጻፍ» ያለው ወገን ነው ክፉ የሚባለው። «እንዴ፣ አታምነኝም?» ይመጣል። እኔም አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር በቡና ሽርክና ገብቼ፣ በአማና (በመተማመን) ነው ብዬ አንዲት ወረቀት ሳልይዝ ብሬን አስረከብኩ፤ ቡናው ተሸጦ እንተሳሰብ ስለው «ከሰርን» አለኝ። በስንት ገዛ፣ በስንት ሸጠ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለታችንም ሰጋጆች ነን እኮ። ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ (አንቀጽ፣ አል-በቀራ 282) ደግሞ ስለ ዱቤ ነው፤ ጻፉ፣ ምስክር አቁሙ፣ ትንሽም ቢሆን መጻፉ አይሰልቻችሁ ይላል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከተው እርጥብ ሲያገኙ፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ነው ነጋዴውን የጠየቁት። ሂርማታ ገበያ ከላይ ደረቅ ከሥር እርጥብ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ቡና) ያለበት ጆንያ የደረሰው ሰው ነገሩ ይገባዋል። ለኔ ኦዲት ማለት ይኸው ነው፤ እጅን እስከ ሥር መክተት።

ከወለድ ነፃው ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ሲጀምር ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል። ግን ወለድ የለውም ማለት በደንብ ይተዳደራል ማለት መሰለን። የሸሪዓ ኮሚቴ ውሉ ሐላል መሆኑን ያያል፤ የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ወንድም ጨረታውን እንዴት እንዳሸነፈ መጠየቅ ግን የቦርዱና የባለአክሲዮኑ ሥራ ነው። እኛ ጉባኤ ሄደን የምንጠይቀው ስለ ትርፍ ድርሻ ብቻ፣ ከዚያ ምሳ።

ከወለድ ነፃ ባንኮች ሙራባሃ ላይ ለምን እንደሚያተኩሩ አስቡት። ዕቃ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ መሸጥ ነው፤ የደንበኛውን መዝገብ ያን ያህል ማመን አይጠይቅም። ሙዳረባ ሌላ ነው። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበት ያመጣል፤ ትርፉን በተስማሙት መጠን ይካፈላሉ፣ ሠራተኛው ካላጠፋ በቀር ኪሳራው የባለገንዘቡ ነው። ታዲያ አንድ ደብተር ለገቢዎች፣ ሌላ ደብተር ለራሱ ከሚይዝ ነጋዴ ጋር ማን ይህን ይደፍራል? ካፒታል አጣን እያልን የምናማርር ነጋዴዎች፣ ካፒታሉን ያሸሸው ይኼ ሁለተኛው ደብተር ይመስለኛል።

ከጓደኛዬ ጋር አሁንም ሰላም እንባባላለን። በቀደም አዲስ ሥራ አለ፣ አብረን እንሥራ አለኝ። እሺ፣ ግን ደብተር ይዘህ ና አልኩት። ሳቀ። እስካሁን አልመጣም።