የክረምት ስንዴና የአራት ኪሎው ሊጥ

አራት ኪሎ ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምገዛበት ቤት አለ። ባለፈው ሳምንት ዳቦው ጠፍጣፋ ሆኖ ጠበቀኝ። "እርሾው ነው?" አልኩት ጋጋሪውን።

"እርሾው ምን አደረገ? ዱቄቱ ነው እንጂ! ያው ፉርኖ ነው ይሉሃል፤ የአንዱ ኩንታል ሊጥ ይሳባል፣ የሌላው ይበጣጠሳል።"

ሊጥ እንዲሳብ የሚያደርገው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ነው። የግሉተኑ ዓይነት ከዘሩ ጋር ይመጣል፤ ገበሬው ምንም ቢደክም አይቀይረውም። ብዛቱን በአብዛኛው የሚወስነው ግን ማሳው ነው። ዝናቡ ሰምሮ ምርቱ ሲትረፈረፍ ማዳበሪያው ካልተከተለ፣ ፍሬው በስታርች ይሞላና ፕሮቲኑ ይሳሳል። በኩንታል አንደኛ የወጣው ማሳ ዳቦ ላይ ሲደርስ የሚያሳፍረን ለዚህ ነው። ከዩሪያ ማዳበሪያው ጥቂት አስቀርቶ ዛላው ሊወጣ ሲል መጨመር ፕሮቲኑን ከፍ ያደርገዋል። ግን ማን ይከፍለዋል? ስንዴው የሚመዘነው በኪሎ ነው።

ቆላ ላይ በመስኖ የሚለማው የበጋ ስንዴ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፍሬው በሚሞላበት ሰዓት ሙቀት ከበረታበት ቶሎ ደርቆ ይጨማደዳል። የተጨማደደ ፍሬ ሲፈጭ ፉርሽካው ይበዛል፣ ዱቄቱ ያንሳል።

በነገራችን ላይ፣ ከውጭ በተተረጎመ ዜና "የክረምት ስንዴ" ሲባል ካነበባችሁ የኛ ክረምት እንዳይመስላችሁ። የኛው ሰኔና ሐምሌ ተዘርቶ በዝናብ ይበቅላል። የአሜሪካዋ ካንሳስ ስንዴ መስከረምና ጥቅምት ተዘርቶ፣ በብርድና በበረዶ ከርሞ፣ ሰኔ አካባቢ ይታጨዳል። ለሳምንታት ብርድ ካልመታው በወጉ ዛላ አያወጣም፤ ጂኑ ነው እንዲህ የሚያደርገው። አምጥተን አርሲ ብንዘራው ሣር ሆኖ ሊቀርብን ይችላል። እና የነሱን የምርት ቁጥር እያነሱ "እኛስ?" የሚሉ ሰዎች ትንሽ ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

የስንዴ ዘር አዳቃዮቻችን በቅድሚያ ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ መቋቋምና የኩንታል ብዛት ላይ ቢያተኩሩ አልፈርድባቸውም። ኩብሳ ምርታማ ዘር ነበር፤ በ2002/03 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ፈጀው። ብዙ ገበሬ ዲገሉ ወደሚባለው ዘር ዞረ። እሱንም በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ መታው። ማሳው ተበልቶ ያደረ ገበሬ ስለ ግሉተን ንገሩኝ አይልም።

ገዢው ግን እንዲህ ያለ ምክንያት የለውም። ፕሮቲን የሚለካ መሣሪያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውጤቱን ይናገራል። ዱቄት ፋብሪካው በሩ ላይ ይለካ። ለዳቦ ብዙውን ጊዜ ከ11 እስከ 13 በመቶ ፕሮቲን ይፈለጋል። 12 ላመጣው ገበሬ በኩንታል ላይ ብር ይጨመርለት። ያኔ ያንን የመጨረሻ ዩሪያ የሚገዛበት ምክንያት ይኖረዋል።

እስከዚያው የኔ ጋጋሪ ደህናውን ኩንታል ከደካማው እየቀላቀለ ይጋግራል። ዛሬ ዳቦው ነፍቶ ነበር። ነገን እንጃ።