የተማሪ ጥናት የማን ነው?

ስለ ተማሪ ጥናት ባለቤትነት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ሁሉ የተቋሙ ንብረት ነው» ይላል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 አሠሪው ባለቤት ይሆናል የሚለው ተቀጣሪ በሥራው ላይ ላዘጋጀው ነው፣ ያውም ሌላ ስምምነት ከሌለ። እሺ፣ መምህር ተመድቦ የጻፈው ሞጁል ላይ ይህ ሊያከራክር ይችላል። ተማሪ ግን ተቀጣሪ አይደለም! ደሞዝ የሚከፍለው የለም።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ለማስተርስ ጥናቴ ሰባት ወር ሙሉ ቀበሌ ለቀበሌ ዞሬ፣ መጠይቅ አስሞልቼ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ጽፌአለሁ። ከተመረቅኩ በኋላ ጓደኛዬ የአንድ የታተመ ጽሑፍ ሊንክ ላከችልኝ። ስከፍተው አንቀጾቹ የእኔው ናቸው። ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ የተሳሳትኳት ቁጥር እንኳ ሳትታረም ቁጭ ብላለች። ስሜ ግን የለም፣ የአማካሪዬ ብቻ ነው ያለው። ሄጄ ስጠይቃቸው «ሐሳቡን የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉኝ። ያኔ መልስ አጣሁ፣ አልቅሼ ወጣሁ። ኋላ አዋጁን ሳነብ ነው ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ እንደሌለው፣ የሚጠበቀው የተጻፈው ሥራ እንደሆነ የገባኝ። ደግሞ የገንዘቡ ጥቅም የማንም ይሁን የማን፣ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት የጸሐፊው ነው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ጥናቱን ሲያስረክብ በሚፈርመው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ከዚህ ጥናት ወጥቶ በሚታተም ጽሑፍ ላይ የተማሪው ስም ይቀድማል።