ስለ አንዲት ትንሽ «ሲ» የተነሳ ክርክር

ክርክሩ በሃርቫርድ ኮከቦች በብርሃናቸው ስለተደለደሉበት ታሪክ ነው፤ የለኮሰችው ተማሪዋ ናት። «ፒከሪንግ የአንቶኒያ ሞሪን ሥራ ገሸሽ ባያደርገው ኖሮ ግዙፎቹን ኮከቦች ሠላሳ ዓመት ቀድመን እናውቃቸው ነበር» አለች። አብረዋት የነበሩት ሁለት ሰዎች፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህርና ቴሌስኮፕ ሲፈታና ሲገጥም የሚውል ባለሙያ፣ ነገሩን እንዲሁ አላሳለፉትም።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉ መምህሩ፣ «መጀመሪያ የተጣለው ነገር ምን እንደሆነ ለዚህ ሰው ንገሪው። እሱ የሚያውቀው ብሎንና ሌንስ ነው።»

«እንዴ ጋሼ!» አለ ባለሙያው እየሳቀ። ግን ለመስማት ተመቻቸ።

እሷም ከሥሩ ጀመረች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሄንሪ ድሬፐር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1872 ቬጋ የተባለውን ደማቅ ኮከብ ህብረ ቀለም (ብርሃኑ በፕሪዝም ተበትኖ የሚታይበትን የቀለም ጥለት) ከነጥቁር መስመሮቹ በፎቶ አስቀረ፤ ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም። በ1882 ሲሞት ባለቤቱ አና ፓልመር ድሬፐር ለመታሰቢያው የሚሆን ገንዘብ ከ1886 ጀምሮ ለሃርቫርድ ኮሌጅ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ተቋም) መስጠት ያዘች። የኦብዘርቫቶሪው ዳይሬክተር ኤድዋርድ ፒከሪንግ ሰማዩ የተነሳባቸውን የፎቶ መስታወቶች የሚያነብቡ ሴቶች ቀጠረ፤ ጀማሪዋ በሰዓት 25 ሳንቲም ነበር የምታገኘው። ከነዚህ አንዷ፣ ቀድሞ በፒከሪንግ ቤት ሠራተኛ የነበረችው ስኮትላንዳዊቷ ዊልያሚና ፍሌሚንግ፣ 10,351 ኮከቦችን በፊደል ደልድላ ሥራዋ በ1890 ታተመ። ድልድሉ ከ«ኤ» እስከ «ኪው» ይሄዳል፣ «ጄ»ን ይዘላል። የሃይድሮጅን መስመሩ የጎላው «ኤ» ነው፤ እየደከመ ሲሄድ ፊደሉም ወደ ታች ይወርዳል።

«ሞሪም ከነዚያ ሴቶች አንዷ ናት፣ የድሬፐር የእህት ልጅ» ብላ ቀጠለች። «የያዘችው 681 ደማቅ ኮከቦችን ብቻ ነው፤ ግን 4,800 ፎቶ መርምራለች። በ1897 ስታሳትም 22 ምድቦች አወጣች። በየምድቡ ላይ ደግሞ ከፍሌሚንግ ትልልቅ ፊደላት የተለዩ ትንንሽ ፊደሎች ጨመረች፦ መስመሩ የተለመደ ስፋት ካለው «ኤ»፣ ሰፊና ድብዝዝ ካለ «ቢ»፣ ቀጭንና ጥርት ያለ ከሆነ «ሲ»። ሌላም ነገር አለ፤ የኦሪዮን ዓይነት ኮከቦችን፣ መስመራቸው በ1895 የሂሊየም መሆኑ የታወቀውን፣ ከሃይድሮጅኖቹ ፊት ያስቀደመችው እሷ ናት። ከዚያ አኒ ጃምፕ ካነን መጣች።»

ካነን በ1901 ያሳተመችው የ1,122 ደማቅ የደቡብ ሰማይ ኮከቦችን ዝርዝር ነው፤ ፎቶዎቹ የመጡት ፔሩ ውስጥ አሬኪፓ ከነበረው የሃርቫርድ ጣቢያ ነው። የፍሌሚንግን ፊደላት መለሰቻቸው፣ አብዛኞቹን ግን ጣለች። አንዳንዶቹ ፎቶው በደንብ ባለመነሳቱ ብቻ የተፈጠሩ ምድቦች ነበሩ። የቀሩትን በሞሪ ዓይነት ቅደም ተከተል ደረደረች፦ ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም። በየሁለቱ ፊደል መካከል ያለውን በአሥር ከፈለችው። የሞሪ ትንንሽ ፊደሎች ዓምድ ግን ካነን በኋላ ወደ ሠራችው ትልቅ መዝገብ አልገባም፤ ገሸሽ ተደረገ የተባለው ይህ ነው።

መምህሩ እስኪያበቃላት ጠበቁ። «እና ይሄ ሁሉ ምንድነው?» አሉ። «ፋይል መደርደር! መዝገብ ቤት ነው ልጄ። ፊዚክሱ የመጣው በ1920 ከኮልካታ ነው። ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሜግናድ ሳሃ ቀመሩን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ‹ኤ› ለምን ‹ኤ› እንደሆነ የገባው አንድም ሰው አልነበረም።»

ይህንንም በዝርዝር አስረዱ፤ እዚህ ላይ ሰውየውን ማዳመጥ ያስደስታል። ሃይድሮጅን በሚታየው ብርሃን ውስጥ ጥቁር መስመር እንዲያወጣ ኤሌክትሮኑ ብርሃኑን የሚውጠው ሁለተኛው እርከን ላይ ቆሞ መሆን አለበት። እዚያ ለመድረስ 10.2 ኤሌክትሮን ቮልት ይፈልጋል፤ 13.6 ካገኘ ግን ከነጭራሹ ከአተሙ ይለያል። በ10,000 ኬልቪን ገደማ ሁለተኛው እርከን ላይ የሚገኙት አተሞች ቁጥር ከፍተኛውን ይደርሳል፣ መስመሩም ይጎላል። እንደ ፀሐይ 5,800 አካባቢ ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም መጀመሪያው እርከን ላይ ተኝተዋል፤ 30,000 ላይ ደግሞ አብዛኞቹ ኤሌክትሮናቸውን ተነጥቀዋል። ከሁለቱም ወገን መስመሩ ይደክማል። ስለዚህ ፍሌሚንግ በሃይድሮጅን ብቻ ስትደረድር እጅግ ሞቃቱንና ሞቃት ያልሆነውን ቀላቀለቻቸው። የነ ካነን ቅደም ተከተል ግን ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ የሚወርድ የሙቀት መሰላል ሆኖ ተገኘ።

«አየህ!» አለች ተማሪዋ ወደ ባለሙያው ዞራ፣ «ጋሼ ራሳቸው መሰከሩልኝ። ሳሃ ቀመሩን ሲያወጣ የሚፈትንበት መሰላል ተሠርቶ ነው የጠበቀው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሲሲሊያ ፔይን በ1925 ኮከቦች በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም መሆናቸውን ያገኘችው እዚያው ሃርቫርድ ቁጭ ብላ፣ እነዚሁኑ መስታወቶች ለክታ ነው። መዝገብ ቤት ባይኖር ቀመሩ በምን ይፈተን ነበር?»

መምህሩ ፈገግ አሉ እንጂ አልተረቱም። «ታዋቂው የሥነ ፈለክ ሊቅ ራስል ግን ውጤቱ እውነት አይመስልም ብሎ አስጽፏታል» አሉ፤ እውነት ነው፣ ራሱ በ1929 እስኪያረጋግጠው ድረስ። ግን ይህ ሌላ ክርክር ነው።

ይሄኔ ዝም ብሎ የቆየው ባለሙያ ገባበት። «ስለ ቀመሩ አልከራከርም። ግን ፒከሪንግን ከመክሰሳችሁ በፊት ፎቶው እንዴት እንደሚነሳ ልንገራችሁ።»

ፕሪዝሙ ከዋናው ሌንስ ፊት ይገጠማል። ያኔ እያንዳንዱ ኮከብ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ የቀለም ክር ይሆናል። በአንድ መስታወት ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ኮከቦች ባንዴ ይሰፍራሉ፤ የዘዴው ትልቅ ጥቅም ይሄ ነው። ክር ላይ ግን መስመር አይነበብም። ስለዚህ ፕሪዝሙን ብርሃኑን ወደ ሰሜንና ደቡብ እንዲዘረጋ አድርገው ያስሩታል፤ ቴሌስኮፑን ከሰማዩ ጋር የሚያዞረው የሰዓት ሞተር ደግሞ ከልኩ በጥቂቱ እንዲዛነፍ ይደረጋል። ኮከቡ በምሥራቅና ምዕራብ መስመር ቀስ ብሎ ሲንሸራተት ክሩ እንደ ጥለት ይሰፋል፣ መስመሮቹም ተጋድመው ይወጣሉ። መዛነፉ ከበዛ ብርሃኑ ይሳሳና ደካማው ኮከብ ይጠፋል፤ ካነሰ የሚነበብ ስፋት አይገኝም። ደማቁ ኮከብ ከልክ በላይ ከተጋለጠ መስመሮቹ ይሞላሉ፣ ስለዚህ በአጭር ጊዜ የተነሳ ሌላ መስታወት ያስፈልጋል። በፍኖተ ሐሊብ አቅጣጫ ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል።

«አሁን ዋናውን ስሚኝ» አላት። «በተለመደው ስፔክትሮግራፍ፣ በህብረ ቀለም መቅጃው መሣሪያ፣ ብርሃኑ በቀጭን ክፍተት ነው የሚገባው። ኮከቡ ቢንቀጠቀጥም የክፍተቱ ስፋት አይለወጥም። እዚህ ግን ክፍተት የለም፤ የኮከቡ ምስል ራሱ ክፍተት ይሆናል። አየሩ ከተናወጠ፣ ፎከሱ ትንሽ ከሳተ፣ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ፕሪዝሙ አብሮ ካልተረጋጋ መስመሩ ሁሉ ይወፍራል። ታዲያ የሞሪ ‹ሲ› ምን ነበረች? የመስመር ቅጥነት! መጥፎ ሌሊት ‹ሲ›ን ይበላታል።»

«ሞሪ እኮ አይታዋለች» አለች።

«ያየችው በ11 ኢንቹ ቴሌስኮፕ ነው፤ ፊቱ ላይ እስከ አራት ፕሪዝም ተደርድሮ። ብርሃኑ ያን ያህል ሲዘረጋ ደማቅ ካልሆነ ኮከብ ምንም አይተርፍም። ለዚህ ነው 681 ላይ የቆመችው። የካነን ትልቁ መዝገብ ግን 225,300 ኮከብ ነው። በስምንት ኢንች ቴሌስኮፕ፣ የእያንዳንዱ ኮከብ ህብረ ቀለም ጥቂት ሚሊሜትር በሆነበት መስታወት!»

በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረውም። ካነን ይህን ዋና ድልድል የሠራችው ከ1911 እስከ 1915 ነው፤ በወር እስከ 5,000 ኮከብ የደረሰችበት ጊዜ አለ። መስታወቱ ማቆሚያው ላይ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፣ ከታች ያለ መስተዋት የሰማይ ብርሃን ይልክበታል። እሷ በአጉሊ መነጽር እያየች ምድቡን ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ረዳቷ ትጽፋለች። ካልሲየም «ኬ» የሚባለው መስመር ከጎረቤቱ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው፣ ሂሊየም አለ ወይስ ጠፍቷል፣ የታይታኒየም ኦክሳይድ ጥላ ይታያል ወይ፤ እነዚህ የጉልበት ንጽጽሮች ናቸው፣ መስመሩ ቢወፍርም ከሞላ ጎደል ይቆያሉ። ይህ የሄንሪ ድሬፐር መዝገብ (በአጭሩ ኤችዲ) ከ1918 እስከ 1924 በዘጠኝ ቅጽ ወጣ። ቁጥሩ ሰማይን ዙሪያውን በ24 ሰዓት በሚከፍለው ልኬት፣ በ1900 አቀማመጥ፣ ተከታትሎ ይሄዳል። (ኢትዮጵያ በ2019 «ቡና» ብላ የሰየመችው፣ ፕላኔቱም «አቦል» የተባለለት ኮከብ እዚያ ውስጥ ኤችዲ 16175 ነው።)

ተማሪዋ ግን የመጨረሻ ጥይቷን አልጣለችም። ዴንማርካዊው አይናር ኸርትስፕሩንግ በ1905 የሞሪን ዝርዝር ብቻ ይዞ «ሲ» የተባሉት ኮከቦች በሰማይ ላይ ያላቸው መንቀሳቀስ ኢምንት መሆኑን አየ። የማይንቀሳቀስ የሚመስለው ሩቅ ነው፤ ሩቅ ሆኖ ይህን ያህል ከደመቀ ደግሞ በራሱ እጅግ ብርቱ ነው፤ ግዙፎቹ ኮከቦች እነዚህ ናቸው። ቬጋና ዴኔብ ሁለቱም «ኤ» ናቸው። ቬጋ በ25 የብርሃን ዓመት ላይ ነው፣ ዴኔብ ከ1,000 በላይ። የዴኔብ ከባቢ ስስ ስለሆነ አተሞቹ በጎረቤቶቻቸው የኤሌክትሪክ መስክ ብዙ አይረበሹም፣ መስመራቸውም ቀጭን ነው። «ኸርትስፕሩንግ በ1908 ለፒከሪንግ ጽፎ ለመነው» አለች፣ «መልሱ ‹ፎቶዎቻችን ለዚህ አይበቁም› የሚል ነበር።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ባለሙያው።

እዚህ ላይ ጨዋታው ወደ ሌላ ወሬ ሄደ። እኔ ግን ፍርዴን ልስጥ።

ባለሙያው ስለ 225,300ዎቹ ትክክል ነው። ያንን ምልክት በነዚያ መስታወቶች ላይ ማስገደድ የአየሩንና የፎከሱን ችግር የኮከብ ጠባይ አድርጎ መመዝገብ ይሆን ነበር። ፍሌሚንግ ላይ የደረሰውም ይሄው ነው፤ በመጥፎ ፎቶ የተወለዱ ምድቦች። የፒከሪንግ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው። በ11 ኢንቹ ለታዩት ደማቅ ኮከቦች ትንሿን ፊደል ጎን ላይ ማስቀጠል ምንም ወጪ አልነበረውም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1922 የሃርቫርድን ድልድል ሲቀበል «ሲ»ን ከፊደሉ ፊት እንድትጻፍ መልሶ አስገብቷታል፤ ስለዚህ ይቻል ነበር።

የሠላሳ ዓመቱን ክስ ግን አልቀበልም። የሞሪ ሥራ ታትሞ ነበር፤ የፈለገ ስላነበበው ነው ኸርትስፕሩንግ የተጠቀመበት። የጎደለው ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ የሚናገር የርቀት ልኬት ነበር፣ እሱም ደግሞ በራሱ ፍጥነት ነው የመጣ። አዳምስና ኮልሹተር በ1914 በማውንት ዊልሰን ኦብዘርቫቶሪ በክፍተት ስፔክትሮግራፍ የብርታት ምልክቶችን ለዩ። ሞርጋን፣ ኪናንና ኬልማን በ1943 ከየርክስ ኦብዘርቫቶሪ ባወጡት አትላስ ከአንድ እስከ አምስት ያለውን የብርታት ደረጃ ጨመሩ፤ ፀሐይ «ጂ2 አምስት» የሆነችው ያኔ ነው።

መምህሩም «መዝገብ ቤት» ማለታቸው አልዋጥ ብሎኛል። ካነን የደረደረችው በዓይን የሚታየውን ብቻ ነው፤ የትኛው ኮከብ ወጣት የትኛው ሽማግሌ ነው የሚለው የዘመኑ ግምት ሲፈርስ ድልድሉ አብሮ ያልፈረሰው ለዚህ ነው። ከግምቱ የተረፈው ሞቃቶቹን «ቀዳሚ»፣ ቀዝቃዞቹን «ኋለኛ» የማለት ልማድ ብቻ ነው፣ እሱም ጀማሪን ዛሬም ያደናግራል።

አሁን የኤችዲ ምድብ ለሥራ የሚያስፈልገው ሰው ፊደሉንና ቁጥሩን ለሙቀት ግምት ይውሰድ፤ ለርቀት ወይም ለግዝፈት ግን አይጠቀምበት፣ አንድ «ኬ0» ድንክም ግዙፍም ሊሆን ይችላልና። ኮከቡ ከ+5 ዲግሪ (ከሰማይ ወገብ አምስት ዲግሪ ወደ ሰሜን ካለው መስመር) በስተደቡብ ከሆነ ናንሲ ሁክ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1975 እስከ 1999 በአምስት ቅጽ ያሳተመችው ዳግም ድልድል የብርታት ደረጃውን ጨምሮ ይሰጠዋል። ከዚያ በስተሰሜን ላለው ግን ኮከቡ በተናጠል የተጠናበትን ሥራ መፈለግ፣ ወይም በጋያ መንኮራኩር ከተለካው ርቀት ድምቀቱን ማስላት ግድ ነው።